የደንብ ልብስና የተማሪው ክብር



መስከረም በጠባ ቁጥር በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ወላጆችን ከሚያሳስቧቸው ወጪዎች አንዱ የልጆች የደንብ ልብስ ነው። ልብሱ የታዘዘበት ዓላማ መልካም ነው፤ የነጋዴው ልጅና የቀን ሠራተኛው ልጅ አንድ ዓይነት ለብሰው እንዲማሩ፣ ድኻውም በልብሱ እንዳያፍር ነው። ይሁን እንጂ ባለጸጋንና ድኻን የሚያስተካክለው ይኸው ልብስ ወንድንና ሴትን ይለያል፤ ለወንዱ ሱሪ፣ ለሴቷ ጉርድ ወይም ቀሚስ ያዝዛል። ለአብዛኞቹ ልጆች ይህ ችግር የለውም። ለጥቂቶቹ ግን ከባድ ሸክም ይሆናል። ደንቡና ልጁ በተጋጩ ጊዜ እኛ ክርስቲያኖች ምን ማድረግ ይገባናል?

በአገራችን በቅርብ ጊዜ የታየው ግጭት የሴት ተማሪዎችን አለባበስ የሚመለከት ነበር። በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ከተማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሙስሊም ሴት ተማሪዎች ሒጃብ ለብሰው እንዳይገቡ ተከለከሉ። የትግራይ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት 159 ተማሪዎች ለብሔራዊ ፈተና ሳይመዘገቡ እንደ ቀሩ አስታወቀ፤ በጥር ወርም ፍርድ ቤት ክልከላው ለጊዜው እንዲታገድ አዘዘ። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በሠርግና በለቅሶ በማይለያዩበት በወሎ ለምንኖር ለእኛ ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ በልብስ ምክንያት ከትምህርት የቀረች ልጅ ያጣችው ጊዜ በቀላሉ አይመለስላትም።

ከዚህ የሚከብድ ጥያቄም አለ። በተወለዱበት ጾታ ራሳቸውን ማግኘት አቅቷቸው የሚጨነቁ፣ በዛሬው አነጋገር ትራንስጀንደር የሚባሉ ወጣቶች አሉ። የጃፓን ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2015 ትምህርት ቤቶች እንዲህ ያሉትን ተማሪዎች በደንብ ልብስ ረገድ ጭምር እንዲያግዙ ማሳሰቢያ አስተላልፏል። በእኛ ዘንድ ነገሩ በአደባባይ አይነሣም። ይሁንና ስላልተነሣ የለም ማለት አይቻልም፤ ብዙ ልጅ ጭንቀቱን በሆዱ ይዞ ያድጋል።

ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረው የታወቀ ነው። እግዚአብሔር ሰውን ወንድና ሴት አድርጎ ፈጠረ፤ ሥጋችንም ከእርሱ የተቀበልነው ስጦታ ነው። የቅድስት መንበር የካቶሊክ ትምህርት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ሰነድ፣ እንደዚሁም በ2024 የወጣው «ወሰን የሌለው ክብር» የተሰኘው መግለጫ ይህንኑ አጽንተዋል፤ ጾታ ከሥጋ ተለይቶ በግል ምርጫ ይወሰናል የሚለውን አስተሳሰብም አልተቀበሉም። ሆኖም የ2019ኙ ሰነድ መምህራን አስቀድመው እንዲያዳምጡ፣ ቀጥለው እንዲያመዛዝኑ፣ ከዚያም የቤተ ክርስቲያንን ሐሳብ እንዲያቀርቡ ይመክራል። ማንም ልጅ በተለየ ሁኔታው ምክንያት እንዳይሰደብ፣ እንዳይደበደብም ያሳስባል። እንግዲህ ሳያዳምጥ ለፍርድ የሚቸኩል መምህር ከትምህርቱ ግማሹን ትቷል ማለት ነው።

ስለ ልብስ ሲነሣ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ወንድ የሴትን፣ ሴትም የወንድን ልብስ እንዳይለብሱ መከልከሉን የሚጠቅሱ አሉ። ቅዱስ ቶማስ አኲናስ ድርጊቱን በራሱ ነውር ይለዋል፤ ነገር ግን ከጠላት ለመሸሸግ ወይም ሌላ ልብስ በማጣት በችግር ቢደረግ ኃጢአት እንደማይሆን ጽፏል። ጆአን ዘአርክ እ.ኤ.አ. በ1431 ከተከሰሰችባቸው ነገሮች አንዱ የወንድ ልብስ መልበሷ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ግን በ1920 ቅድስት ብላ አወጀቻት። እነዚህን ስንጠቅስ የዛሬዎቹ ወጣቶች ጥያቄ ከእነርሱ ጋር አንድ ነው ማለታችን አይደለም። የልብስ ሕግ ለሰው ችግር ቦታ እንደሚሰጥ ለማሳየት ነው። የልብስ ትርጉምም እንደ አገሩ ልማድ ነው፤ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ የወረደ ሰው ሽርጥ ያገለደመ የአፋር ወንድ ያያል፤ ሴት መሰለ የሚለው ግን የለም። ካህኖቻችንም ቀሚስ ይለብሳሉ። ስለ ሰው ሥጋ ያለን እምነት በሱሪና በጉርድ ላይ የቆመ አይደለም።

«ለአንዱ ከተፈቀደ ሥርዓት ይፈርሳል» የሚል ወላጅ ወይም ርእሰ መምህር ይኖራል። ሥጋቱ የሚናቅ አይደለም፤ ያለ ሥርዓት ትምህርት የለምና። ነገር ግን መግዣ ያጣውን ልጅ የሚታገሥ ትምህርት ቤት ሥርዓቱ አልፈረሰም። የአገራችን ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት እርምጃ ሁሉ የሕፃኑ ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዝዛል። ለሴት ልጅ ሱሪ መፍቀድ፣ የተጨነቀውን ልጅ ከወላጆቹ ጋር ሆኖ በትዕግሥት መምከር የእምነታችንን አንዲት ነጥብ አያስቀርም።

ስለዚህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንን የምንለምነው ይህን ነው። ሴታሴት ወይም ወንዳወንድ እየተባለ የሚሰደብ ልጅ በክፍላችሁ ቢገኝ ስድቡን በዚያው ሰዓት አስቁሙ። ጭንቀቱን ቢነግራችሁ ምስጢሩን ለጎረቤት አታውሩ። እውነቱን አስተምሩት፤ አስቀድማችሁ ግን ስሙት። በገድል የምትታወቀው ቅድስት ማሪና የወንድ ልብስ ለብሳ በወንዶች ገዳም ስትኖር በሐሰት ልጅ አስወለደ ተብላ ከገዳሙ ተባረረች፤ እውነቱ የተገለጠው ሬሳዋ ሲገነዝ ነው። የፈረዱባት ወንድሞች ይቅርታ ሊጠይቋት የቻሉት ከሞተች በኋላ ነበር። እኛ ግን በአጠገባችን ያሉትን ልጆች በሕይወት ሳሉ የማዳመጥ ዕድል አለን።