ስውርን የሚያውቅ አላህ ብቻ ነው

በአላህ ስም፣ እጅግ ርኅሩኅ እጅግ አዛኝ በኾነው። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን፤ ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ። ከዚህ በኋላ፤

የአላህ ባሮች ሆይ! ሥልጣን የያዘ ሁሉ ሁለት ዓይነት አማካሪ እንደሚቀርበው፣ አንዱ ወደ በጎ፣ ሌላው ወደ ክፉ እንደሚገፋፋው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል። የሩሲያው ንጉሥ የዳግማዊ ኒቆላዎስ ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። በ1896 ዓ.ም. የተወለደው አልጋ ወራሹ አሌክሲ ደሙ ቶሎ የማይረጋ ሕመምተኛ ነበረ፤ ሐኪሞችም ፈውስ አላገኙለትም። ራስፑቲን የተባለ የሳይቤሪያ ገበሬ፣ መነኵሴ ሳይኾን እንደ ባሕታዊ የሚዞር፣ በ1898 ዓ.ም. ከንጉሡና ከንግሥቲቱ ጋራ ተዋወቀ። በ1905 ዓ.ም. ልጁ ለሞት በተቃረበ ጊዜ እንደማይሞት በቴሌግራም አስታወቀ፤ ልጁም ተረፈ። ከዚያ ወዲህ የጨነቃት እናት ቃሉን እንደ ሰማይ ቃል ያዘች። ንጉሡ በ1907 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ ጦር ግንባር ሲሄድ የሰውዬው ምክር ከሕፃኑ አልጋ አልፎ ወደ ሹም ሽር ገባ፤ በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ አራት ጠቅላይ ሚኒስትሮች ተፈራረቁ። በአገራችን ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን በወረዱ በሦስተኛው ወር ግድም፣ በታኅሣሥ 1909 ዓ.ም.፣ መኳንንቱ ራስፑቲንን ገደሉት፤ በመጋቢትም ንጉሡ ዘውዱን ለቀቀ።

ስለዚህ ሰው የተወራው ሁሉ እውነት አይደለም፤ መንግሥቱንም የጣሉት ጦርነትና የእንጀራ እጦት ጭምር ናቸው። ሙስሊም ያልተረጋገጠ ነገር አይጨምርም። ጥፋቱ ግን ግልጽ ነው፤ የአላህን ዕውቀት ለፍጡር ሰጡ።

አሁን ሌላውን አባት ተመልከቱ። የነቢያችን ሕፃን ልጅ ኢብራሂም በሞተ ዕለት ፀሐይ ጨለመች። ሰዎችም ስለ ኢብራሂም ሞት ነው አሉ። እርሳቸው ግን ዐይናቸው እያነባ ይህን ክብር አልተቀበሉም፤ ፀሐይና ጨረቃ የአላህ ምልክቶች እንደ ኾኑ፣ ለማንም ሞት ወይም ሕይወት እንደማይጨልሙ ነገሯቸው። የእውነተኛ የአላህ ባሪያ ምልክቱ ይህ ነው፤ ሰው ቢሰጠው እንኳ የጌታውን ድርሻ አይወስድም።

ይህ ለነገሥታት ብቻ የተነገረ አይምሰላችሁ። በዲማም ኾነ በደብረ ማርቆስ፣ ልጁ የታመመበት ሰው ልቡ እንደዚያች ንግሥት ልብ ይኾናል። ደጋግ ሰዎችን ዱዓ አድርጉልኝ ማለት መልካም ነው፤ መታከምም ነቢያችን ያዘዙት ነው። ነገን ዐውቃለሁ ወደሚል ጠንቋይ ሄዶ የጠየቀ ግን የአርባ ሌሊት ሶላቱ ተቀባይነት እንደሌለው ከርሳቸው ተላልፏል።

አላህ ሆይ! በጭንቀታችን ጊዜ ከደጅህ ወደ ሌላ ደጅ አታዙረን፤ የሚመሩንንም ቅን መካሪ ስጣቸው። አሚን።