በሩ ለማን ይከፈት? ስለ ልጆች ውድድርና ስለ ባዕድ ተመልካች

በአሜሪካ አገር በሜሪላንድ ግዛት የሚኖሩ አንዲት የእኛው ምእመን ለዕረፍት ወደ አገር ቤት በመጡ ጊዜ አንድ ጥያቄ አቀረቡልን። የአሥራ አንድ ዓመት ልጃቸው ቺርሊዲንግ በሚባለው የቡድን ትርኢት ትወዳደራለች። በጎረቤት የሚኖሩ፣ ልጅ ያልወለዱ አንዲት አሜሪካዊት ባልቴት ሕፃኒቱን ከጨቅላነቷ ጀምረው ስለሚወዷት ውድድሯን ለማየት ሄዱ። ክበቡ ግን በቤተሰብነት ከተመዘገቡት በስተቀር ማንም እንዳይገባ ወስኖ ነበርና ባልቴቲቱ ከበር ተመለሱ። «ክበቡ በደለ ወይስ ልጆቻችንን ጠበቀ?» ሲሉ እናቲቱ ጠየቁን።

ጨዋታውን ለማያውቁ አንባብያን ጥቂት እንበል። ቺርሊዲንግ እ.ኤ.አ. በ1898 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመልካቹን እየመሩ ለአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን በማስጮህ የተጀመረ ነው። ያን ጊዜ የወንዶች ሥራ ነበር፤ ዛሬ ከተሳታፊዎቹ የሚበዙት ልጃገረዶች ናቸው። በሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ጊዜ ውስጥ ይገለባበጣሉ፣ ጓደኛቸውን በእጃቸው ያነሣሉ፣ ወደ ላይም ወርውረው ይቀልባሉ። ሕዝብን ለማነሣሣት የተፈጠረ ጨዋታ ዛሬ ሕዝቡን ይፈራ ዘንድ መድረሱ ያስገርማል።

ፍርሃቱ ግን ከንቱ አይደለም። ዛሬ በእያንዳንዱ ሰው እጅ የፎቶግራፍ መሣሪያ አለ። ጠባብ ልብስ ለብሳ በጓደኞቿ እጅ ላይ የቆመች ሕፃን ሥዕሏ በማታውቀው ሰው ከተቀረጸ በኋላ የት እንደሚደርስ ማንም አይቈጣጠረውም፤ ተመለስ ቢሉትም አይመለስም። ጌታችን ከታናናሾቹ አንዱን ስለሚያሰናክል ሰው የተናገረውን ብርቱ ቃል የሚያስብ ሁሉ፣ በዚህ የምትጨነቅን እናት ፍቅር የጐደላት ሊላት አይገባም።

ይሁን እንጂ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ በየትኛው በር እንደገባ መመርመር ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2022 በቺካጎ የሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት በልጆች ላይ በተፈጸመ የወሲብ ወንጀል የ12 ዓመት እስራት የፈረደበት ወጣት በዚሁ ጨዋታ ስሙ የተጠራ፣ ልጆች የሚያደንቁት ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 በሚቺጋን የተፈረደበትና ብዙ የጂምናስቲክ ልጃገረዶችን የበደለው ሰው የቡድኑ ሐኪም ነበር፤ አንዳንድ ጊዜ ወላጅ እዚያው ክፍል ውስጥ እያለ ይበድል ነበር። ስለ ራሳችንም ቤት ዝም ልንል አንችልም። የአሜሪካ ጳጳሳት እ.ኤ.አ. በ2002 በዳላስ ተሰብስበው ስለ ልጆች ጥበቃ ሥርዓት ያወጡት፣ ነፍሳቸውን ይማርና ር.ሊ.ጳ. ፍራንቼስኮስም እ.ኤ.አ. በ2019 ለመላዋ ቤተ ክርስቲያን ሕግ የደነገጉት ከደጅ በመጣ ባዕድ ምክንያት አልነበረም። ይህን የምንጽፈው እያፈርን ነው። እንግዲህ የስም መዝገብ በር ላይ ያስቀመጠ ክበብ፣ ሊጠበቅ የሚገባውን ሰው አስቀድሞ አስገብቶት ሊሆን ይችላል።

ሌላም ነገር አለ። ልብሱና እንቅስቃሴው ባዕድ ሰው ቢያየው የምናፍርበት ከሆነ፣ ለአጎትና ለአክስት ለምን ተገቢ ሆነ? ልብሱን የመረጠችው ሕፃኒቱ አይደለችም፤ እኛ አዋቂዎች ነን። በሩን በመዝጋት ይህን ጥያቄ ማምለጥ ቀላል ነው፤ የልጅቱን ክብር መጠበቅ ግን ከልብስ ሰፊው ዘንድ ይጀምራል።

አባቶቻችን ከመሸ የደረሰውን መንገደኛ «የእግዜር እንግዳ» ብለው ይቀበሉት ነበር። እግሩን ያጥቡታል፣ ያበሉታል፣ በምድጃው አጠገብ ያስቀምጡታል። ነገር ግን ልጆች ወደሚተኙበት ጓዳ አያስገቡትም፤ ባለቤቱም ዐይኑን ከእርሱ ላይ አያነሣም። እንግዳ መቀበልና መጠበቅ በአንድ ቤት፣ በአንድ ሌሊት አብረው ይኖሩ ነበር።

ስለዚህ አዳራሹ ስሙን ሰጥቶ ለሚገባ ሁሉ ይከፈት፤ የልብስ መለወጫው፣ ልምምዱና ጉዞው ግን ለዘመድም ለአሠልጣኝም ቢሆን ብቻውን አይከፈት፤ ሁለት አዋቂዎች ሁልጊዜ አብረው ይገኙ እንላለን። ፎቶግራፉንም ክበቡ የወከለው አንድ ሰው ያንሣ። ስሙን የሚዋሽ ሰው ሊኖር ይችላል፤ ይህን አንክድም። የሚጠብቁ ዐይኖች ጥቂት በሆኑበት ቀን በሩን የሚዘጋ ክበብም አይነቀፍም። የበዓለ ልደት ተውኔት የምታዘጋጁ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም ከመጋረጃው በስተጀርባ ከልጆች ጋር ማን እንደሚቆም በዚያው ዐይን ተመልከቱ፤ በእኛ ቁምስናዎች ይህ ብዙ ጊዜ ለአጋጣሚ የተተወ ነው።

ለእናቲቱ፣ ክበቡ በክፋት አላደረገውም፤ በሚቀጥለው ውድድር ግን ባልቴቲቱን አስቀድመው ያስመዝግቡ አልናቸው። «ቅጹ ላይ ‹ዝምድና› የሚል ባዶ ቦታ አለ፤ ምን ብዬ ልሙላ?» አሉን። «ጎረቤት» ብለው እንዲጽፉ መከርናቸው። ክበቡ ይቀበለው አይቀበለው ገና አልሰማንም።