የጀማሪ እፍረትና የወይን ብርጭቆ

 

የዛሬው ርዕሳችን ከወትሮው ለየት ይላል። አዲስ አበባ ውስጥ በአንዳንድ ካፌዎችና ሆቴሎች «ሲፕ ኤንድ ፔይንት» የሚባል ምሽት ይዘጋጃል። እየጠጡ መሳል እንደ ማለት ነው። ትኬት ቆርጣችሁ ስትገቡ ሸራ፣ ብሩሽና ቀለም ጠረጴዛ ላይ ይጠብቃችኋል፤ ከጎኑ የወይን ብርጭቆ አለ። ሠዓሊው ፊት ቆሞ ደረጃ በደረጃ ያሳያል፣ እንግዳው ይከተላል። ብሩሽ ይዞ የማያውቅ ሰው ከሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ የራሱን ሥዕል ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አንዳንዱ ምሽት የወይን ቅምሻም ይጨመርበታል።

ልማዱ የመጣው ከአሜሪካ ነው። በሉዊዚያና ግዛት ማንደቪል በምትባል ከተማ ሁለት ጓደኛሞች በ2007 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለ ቤት ከፈቱ። ጊዜው ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ አካባቢውን ካወደመ ሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ነበር። ሕዝቡ ደክሞታል፣ አዝኗል፤ የሚሰበሰብበትና የሚስቅበት ቦታ ፈልጓል። ቤቱ አድጎ በብዙ ከተሞች ቅርንጫፍ አወጣ፤ ሐሳቡም ዓለምን ዞረ።

«እኛ ያለነው ሆሳዕና ነው፣ ዱራሜ ነው፣ ሾኔ ነው፤ ይህ እኛን ምን አገባን?» የሚል ይኖራል። ያገባናል። ከሆሳዕና አዲስ አበባ በቡታጅራ መንገድ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በስልክ ደግሞ ርቀት የሚባል ነገር የለም። ልጆቻችን ለትምህርትና ለሥራ ይሄዳሉ፤ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲም ከየአቅጣጫው የሚመጡ ወጣቶችን ያስተናግዳል። ጥያቄው ዛሬ ካልመጣ ነገ ይመጣል።

እስቲ አንዲት እህት እናስብ። ሆሳዕና አድጋ አዲስ አበባ ሥራ ይዛለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ሥዕል ትወዳለች፣ ግን የሚያስተምራት አላገኘችም። የሥራ ባልደረቦቿ «ቅዳሜ ማታ አብረን እንሂድ፤ አንቺ ጭማቂ ትጠጫለሽ፣ ማንም አያስገድድሽም» ይሏታል። በቅንነት ነው የጋበዟት። ምን ትመልስ?

ሁለት ፈጣን መልሶች አሉ። አንዱ «ሐራም ነው፣ አበቃ» ይላል። ሌላው «እስካልጠጣሽ ድረስ ምን ችግር አለው?» ይላል። ሁለቱም ቶሎ ስለሚያልቁ ይመቻሉ። ነገር ግን የመጀመሪያው የልጅቷን የሥዕል ፍላጎት ከብርጭቆው ጋር አብሮ ይደፋዋል። ሁለተኛው ደግሞ ጠረጴዛውን አያይም።

ከጠረጴዛው እንጀምር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአላህና በመጨረሻው ቀን የሚያምን ሰው አስካሪ መጠጥ በሚዞርበት ማዕድ ላይ እንዳይቀመጥ ማስተማራቸውን ቲርሚዚ ዘግበውታል። ትምህርቱ ስለ አፋችን ብቻ የሚናገር አይደለም፤ ስለምንቀመጥበት ቦታም ይናገራል። በሌላ ሐዲስ ከመጠጡ ጋር በተያያዘ አሥር ሰዎች ሲወገዙ ጠጪው ብቻውን አልተጠቀሰም፤ የሚጠምቀው፣ የሚሸከመው፣ የሚያቀርበው፣ የሚሸጠውና የሚገዛውም አሉበት። ስለዚህ ትኬቱ የምን ዋጋ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። የወይኑ ሒሳብ ትኬቱ ውስጥ ከተደመረ፣ ጭማቂ የያዘችውም እህት ለጠርሙሱ ከፍላለች። ከዚህ በላይ ያለውን ዝርዝር ለዑለማዎቻችን እንተወዋለን።

አሁን ብዙ ጊዜ ወደማንጠይቀው ጥያቄ እንለፍ። ወይኑ ሥዕል ክፍል ውስጥ ምን ይሠራል? ሰው ብስክሌት መንዳት ወይም ልብስ መስፋት ሲማር ወይን አይቀርብለትም። ለሥዕል ለምን ቀረበ?

መልሱ እፍረት ነው። ትልቅ ሰው ሲሆኑ ጀማሪ መሆን ያሳፍራል። ሕፃን ዛፍ ቢስል ማንም አይስቅበትም፤ የ30 ዓመት ሰው ግን ብሩሹን ሲያነሣ እጁ ይንቀጠቀጣል። «ምን ይሉኛል?» ይላል። አንድ ብርጭቆ ወይን ይህን ፍርሃት ያላላዋል። ሰውየው በራሱ ሥዕል መሳቅ ይጀምራል፣ ከጎኑ ካለው ጋር ይጫወታል። ይህ ሐሰት አይደለም፤ ይሠራል።

ሙስሊም ይህን ለመቀበል መፍራት የለበትም። በሱረቱል በቀራ 219ኛ አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) ስለ አስካሪ መጠጥና ስለ ቁማር ሲናገር ለሰዎች ጥቅም የላቸውም አለማለቱን ልብ በሉ። ጥቅም እንዳለባቸው ተናግሮ፣ ኃጢአታቸው ከጥቅማቸው እንደሚበልጥ ነው ያሳወቀን። እንዴት ያለ ፍትሐዊ ሚዛን ነው! አንድ ነገር መሥራቱና መጥቀሙ ብቻውን እንድንቀበለው አያደርገንም። ምን ሰጥቶ ምን እንደሚወስድ መመዘን አለበት።

እንግዲያው እንመዝነው። የሰው ልጅ ሁለት ዓይነት እፍረት አለበት። አንዱ የጀማሪ እፍረት ነው፤ ሰው እንዳይስቅብኝ የሚል ፍርሃት ነው፤ ከመማር ያግደናል። ሌላው ሐያእ ነው፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የኢማን ቅርንጫፍ መሆኑን ያስተማሩት። መናገር የሌለብንን እንዳንናገር፣ መንካት የሌለብንን እንዳንነካ፣ የሰው ምሥጢር እንዳናወጣ የሚይዘን እሱ ነው። የመጀመሪያው እፍረት ቢፈታ ደስ ይለናል። ሁለተኛው ከተፈታ ግን ቤት ይፈርሳል።

የወይን ችግር እዚህ ላይ ነው። ወይን ሁለቱን እፍረቶች ለይቶ አያውቅም። «የሥዕሉን ፍርሃት ብቻ ፍታልኝ፣ ሐያኡን ተወው» ብላችሁ ልታዙት አትችሉም። አንድ ላይ ያላላቸዋል። ብዙ ሰው በአንድ ብርጭቆ ምንም አይሆንም ይላል፤ ነገር ግን መቼ እንዳለፈ የሚለየው አእምሮ ያው መጠጡ እያደከመው ያለው አእምሮ ነው። ጠባቂውን አስተኝቶ «ሌባ ሲመጣ ቀስቅሰኝ» ማለት ይሆናል።

ይህን የወይን ባለሙያዎች ራሳቸው ያውቃሉ። ወይን መቅመስ ሥራቸው የሆኑ ሰዎች በአንድ ቀን ብዙ ዓይነት ሲቀምሱ አይውጡትም፤ አፋቸው ውስጥ አዙረው ይተፉታል። ለምን ቢባል፣ ከዋጡት ጣዕም የሚለዩበት ስሜት ይደክማል። ሥዕልም እንዲሁ የማየት ሥራ ነው። ጥላው የት ይወድቃል? ይህ አረንጓዴ ከዚያኛው በምን ይለያል? ጀማሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው እጁን ሳይሆን ዓይኑን መጠቀም ነው። ዓይን እንዲነቃ በተፈለገበት ሰዓት የሚያፈዝ ነገር ማቅረብ እርስ በርሱ ይጋጫል።

እዚህ ላይ ግን ጣታችንን ወደ ሌላ ብቻ አንቀስር። የአዲስ አበባው ምሽት ሰው የሚስበው በወይኑ ብቻ አይመስለኝም። እዚያ ጀማሪ ሆኖ መምጣት ይፈቀዳል። ማንም «በዚህ ዕድሜህ?» አይልም። እኛስ ጋ? በ40 ዓመቱ ቁርኣን ሊቀራ አሊፍ፣ ባእ የጀመረ አባት በሕፃናት መሐል ሲቀመጥ ከኋላ የሚሳሳቅ የለም? ፊደል ልትቆጥር የመጣች እናት «አሁን ደግሞ ምን ሊያደርግልሽ?» አልተባለችም? ሰው በእኛ መካከል ጀማሪ መሆን ካልቻለ ድፍረቱን ከብርጭቆ ቢፈልገው ምን ይገርማል?

ዲናችን ግን ለጀማሪ የሰጠው ክብር ሌላ ነው። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉት ሐዲስ፣ ቁርኣንን እየተንተባተበ፣ እየከበደው የሚቀራ ሰው ሁለት ምንዳ አለው። እስቲ አስቡት። ሌላ ቦታ የሚሳቅበት መንተባተብ እዚህ ይመነዳል። ይህ ትምህርት በእጁ ያለ ጀማዓ በምድር ላይ ለጀማሪ ከሁሉ የተመቸ ቦታ መሆን ነበረበት። የሥዕል ክፍል ይሁን፣ የስፌት፣ የኮምፒውተር ወይም የመንጃ ፈቃድ፣ የጀማሪን እፍረት ለይቶ የሚፈታው የማያፌዝ ወዳጅና የሚታገሥ መምህር ነው። ሐያእን ሳይነካ እፍረቱን ይወስደዋል።

«ሥዕሉስ ራሱ?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ነፍስ ያላቸውን ነገሮች ስለ መሳል ዑለማዎች በሰፊው ተነጋግረውበታል። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) ዘንድ በእጁ ሥራ የሚተዳደር አንድ ሠዓሊ መጥቶ ሲጠይቃቸው የማስጠንቀቂያውን ሐዲስ ነገሩት። ሰውየው በጣም ደነገጠ። እሳቸው ግን በሩን ዘግተው አልሸኙትም፤ ዛፍና ነፍስ የሌለውን ነገር እንዲስል አመለከቱት። መልሳቸው የሰውየውን እጅ ከሥራ አላወጣውም። የሚከለከለውን ነግረው የሚፈቀደውንም አሳዩት። እኛም ልጆቻችንን ስንከለክል ሁለተኛውን እርምጃ አንርሳ።

እስቲ አካባቢያችንን ተመልከቱ። ነፍስ የሌለው የሚሳል ነገር አጥተን ነው? የሐምበሪቾ ተራራ ፀሐይ ስትጠልቅ አለ። በየጓሮው የእንሰት ቅጠል አለ፤ ጠዋት ብርሃን ሲያልፍበት አንዱ ቅጠል ብቻ ስንት ዓይነት አረንጓዴ ያሳያል! ወደ ሐላባ የተጓዘ ሰው ደግሞ በቀለምና በቅርጽ ያጌጡ የሣር ቤቶችን በመንገዱ ላይ ያያል። የሐላባ ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ ግድግዳውን ለማስዋብ ግን ወይን አልጠበቀም። ቀለም በእኛ አገር እንግዳ አይደለም።

ለመሰብሰቢያም ቢሆን የተባረከ መጠጥ አለን። ቡና ከኢትዮጵያ ወጥቶ ቀይ ባሕርን ሲሻገር፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የየመን ሱፊዮች ሌሊቱን በዚክር ነቅተው ለማደር ይጠጡት ነበር። በ1511 እ.ኤ.አ. መካ ውስጥ ያስክራል ተብሎ ታግዶ እንደነበር ታሪክ ይነግረናል፤ ጉዳዩ ሲጣራ ግን ሕዝበ ሙስሊሙ ቡናውን ይዞ ቀጠለ። የሚያነቃ መጠጥ ከማየት ሥራ ጋር ይስማማል። ቅዳሜ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ቡና እየተቆላ፣ አንድ የሥዕል መምህር፣ ጥቂት ሸራ፣ አክሪሊክ ቀለምና ብሩሽ፤ ይኸው ነው። አክሪሊክ በውሃ ይቀጥናል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ያልወደዳችሁትን ከላይ ደርባችሁ ትቀቡታላችሁ። ለጀማሪ የተመቸ ነው። መግሪብ ከመድረሱ በፊት እንሰቱ ሸራው ላይ ቆሞ ይታያል።

ይህ ደግሞ የእኛ ብቻ ጥቅም አይደለም። በሆሳዕናና በዱራሜ ጎረቤቶቻችን አብዛኞቹ ፕሮቴስታንት ክርስቲያኖች ናቸው፤ ብዙዎቹም መጠጥ አይጠጡም። የእነሱም ልጆች አዲስ አበባ ሲሄዱ ያው ግብዣ ይደርሳቸዋል። አብሮ ሊቀመጥ የሚችልበትን ጠረጴዛ የምናዘጋጅ ከሆነ የምንጋብዘው ብዙ ነው።

ወደዚያች እህታችን ስንመለስ፣ መልሷ ረጅም መሆን የለበትም። «ስላሰባችሁኝ አመሰግናለሁ። ሥዕሉን በጣም እፈልገዋለሁ፤ መጠጥ ያለበት ጠረጴዛ ላይ ግን አልቀመጥም። እሁድ እኔ ቤት ቡና ላፍላ፣ ቀለሙን አብረን እንግዛ?» ብትል ይበቃል። ሳትሰድብ፣ ሳትዋሽ፣ «አሞኛል» ብላ ሳታመካኝ። የመጠጥ ክልከላው በወረደ ጊዜ አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ.) በአቡ ጠልሓ ቤት እንግዶችን እያስተናገዱ ነበር። አዋጁ ሲሰማ መጠጡ ተደፋ፤ በመዲና መንገዶች ላይ ፈሰሰ። የተደፋው መጠጡ ነው፤ ወዳጅነቱ በቦታው ቆየ።

ሄዳ ከነበረስ? አታሳድዷት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመጠጥ ደጋግሞ የተቀጣን ሰው አንዱ ሲረግመው ከለከሉት፤ ሰውየው አላህንና መልክተኛውን እንደሚወድ መሰከሩለት። የእኛ ፊት ከጠቆረባት የምትሄድበት ሌላ ጠረጴዛ ዝግጁ ነው።

በዚህ ሳምንት አንድ ነገር እንሥራ። በቤታችን ወይም በሰፈራችን አንድ ጀማሪ እንፈልግ። አዲስ ቂርኣት የጀመረ አባት፣ መሳል የምትፈልግ ልጅ፣ አማርኛ መጻፍ የምትማር እናት። አጠገባቸው ተቀምጠን ሲሳሳቱ ሳንስቅ እናበርታቸው።

አላህ (ሱ.ወ.) ሐያአችንን ይጠብቅልን፣ ከመማር የሚያግደንን እፍረት ያንሣልን፣ ልጆቻችንን በሐላል የሚደሰቱበት ጀማዓ አያሳጣቸው። አሚን። ወላሁ አዕለም።