ስለ አሮጌ ፓምፕና ስለ ሻጭ ዝምታ

አንድ ሰው በሚሸጠው ዕቃ ላይ ያለውን ነውር እያወቀ ሳይጠየቅ ዝም ቢል ዋሸ ይባላልን? ጥያቄው እጅግ የቆየ ነው፤ እኔን ያገኘኝ ግን በመጽሐፍ ሳይሆን በመርካቶ ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት ምናለሽ ተራ አጠገብ ከአንድ ነጋዴ ዘንድ አሮጌ የመኪና ማጠቢያ ማሽን ገዛሁ፤ ይኸውም ውሃን በብርቱ ግፊት የሚረጭ፥ በየላቫጆው የምናየው ዐይነት ነው። ነጋዴው ውጪውን አጥቦ ቀለም ቀብቶታል፤ በፓምፑ ጎን ባለችው የመስተዋት ዐይን ሲያዩት ዘይቱ እንደ ማር ጥርት ብሎ ይታያል። ዋጋውን ከፍዬ ደስ ብሎኝ ሄድሁ። በሦስተኛው ቀን ዘይቱ ወተት መሰለ።

የፓምፕ ዘይት እንዲህ የነጣ እንደ ሆነ ውሃው ጎማዎቹን አልፎ ወደ ዘይቱ ቤት ገብቷል ማለት ነው። ነጋዴው ይህን ምልክት የሰወረው በሐሰት ቃል አይደለም፤ አዲስ ዘይት በማፍሰስ ብቻ ነው እንጂ። ተመልሼ ብጠይቀው «እኔ ፈትቼ አላየሁትም» ብሎ ማለልኝ። ምናልባት እውነቱን ይሆናል። ነገር ግን ነውሩን እንዳያውቅ ብሎ ብሎኑን ሳይፈታ የሚተው ሰው ስንት ይሆን? አለማወቁን በፈቃዱ የጠበቀ ሰው በአለማወቁ ሊመካ የሚገባው አይመስለኝም። ይህን በዚህ ልተወውና ወደ ሥራው ልመለስ።

በመጀመሪያ ማሽኑን ከኤሌክትሪክ ነቀልሁ፤ ውሃውንም ዘግቼ በውስጡ የታመቀው ግፊት እስኪወጣ ድረስ የመርጫውን ቃታ ሳብሁ፤ ይህን ሳያደርግ ብሎን የሚፈታ ሰው ለጣቱ አያዝንም። የነሐሱን ራስ ባነሣሁት ጊዜ ሦስቱ የሴራሚክ ፒስተኖች ደኅና ሆነው ተገኙ፤ ዙሪያቸውን የሚይዙት ጎማዎች ግን ተበልተው ነበር። የፓምፕ ጎማ የሚቀዘቅዘውና የሚለሰልሰው በሚያልፈው ውሃ ነው፤ በርሜሉ ባዶ ሆኖ ማሽኑ በደረቁ የዞረ እንደ ሆነ ፈጥኖ ይቃጠላል። ስድስቱ ቫልቮች፥ ማለት ሦስቱ አስገቢዎችና ሦስቱ አስወጪዎች፥ አሸዋና ኖራ መሰል ዝቃጭ ይዘዋል። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ሳይገጥም ቢቀር ግፊቱ ይዋዥቃል፤ ቱቦውም እንደ ንዳድ በሽተኛ ይንቀጠቀጣል። ቫልቮቹን በተበረዘ ኮምጣጤ ዘፈዘፍኋቸው፤ ኮምጣጤ ነሐስን ይጎዳልና ሳይቆዩ አውጥቼ በንጹሕ ውሃ አለቀለቅኋቸው። ፒስተኖቹን በለስላሳ ጨርቅ ብቻ ወለወልሁ፤ በሽቦ የሚፈትጋቸው ሰው ጭረቱ አዲሱን ጎማ ይበላበታል። አዲሱን ጎማ ቅባት ቀብቼ አስገባሁ።

ነገር ግን የነሐሱን ራስ ስወለውል ከአንዱ ቫልቭ ቤት ተነሥቶ ወደ ውጪ የሚሄድ፥ እንደ ጠጉር የቀጠነ ስንጥቅ አገኘሁ። ማጣበቂያ ተለጥፎበት ቀለም ለብሷል፤ ማን እንደ ለጠፈው አላውቅም። ወደ በያጅ ወሰድሁት፤ እርሱም በነሐስ ሞላው። እኔ ደግሞ በሞረድ አስተካክዬ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስሁት። በጨረስሁ ጊዜ ቦታውን በጣቴ ፈልጌ አጣሁት፤ ደስታዬም ብዙ ነበረ። ለ150 ባር የተሠራውን ማሽን ከ100 ባር እንዳያልፍ አድርጌ ሦስት ወር ሠራሁበት፤ አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም።

ጉዳዬ ካለቀ በኋላ ላቫጆ ሊከፍት ገንዘብ ያጠራቀመ የሰፈራችን ልጅ ሊገዛው መጣ። «ጋሼ፥ እርስዎ ራስዎ ፈትተው ስላደሱት አምነዋለሁ» አለኝ።

ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ስለ ግዴታ በጻፈው መጽሐፍ የሁለት ፈላስፎችን ክርክር ያወሳል። ረሀብ ወደ ጸናባት ወደ ሮዶስ እህል ጭኖ የደረሰ ነጋዴ ሌሎች መርከቦች ከኋላው መምጣታቸውን ያውቃል፤ ይናገር ወይስ ዝም ብሎ በውድ ዋጋ ይሽጥ? የባቢሎኑ ዲዮጋንስ ዝም ማለት ሌላ፥ መደበቅም ሌላ ነው ይላል፤ ሕግ ካዘዘው በላይ ሻጭ እንዲናገር ግዴታ የለበትም። የጠርሴሱ አንቲጳጥሮስ ግን ሻጭ የሚያውቀውን ሁሉ ገዥ ሊያውቅ ይገባል ይላል። ሲሴሮም ነጋዴው መደበቅ አይገባውም ብሎ ፈረደ። በአገራችንም በ1952 ዓመተ ምሕረት የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ ሻጭ ነውሩን በተንኮል የደበቀ እንደ ሆነ ከኀላፊነት ነጻ ነኝ ብሎ የተዋዋለውን ቃል ዋጋ ያሳጣዋል።

የዲዮጋንስ ነገር የሚናቅ አይደለም። በክረምት መኪና የሚያሳጥብ ሰው እንደሚያንስ፥ ከመንገዱ ማዶ ሌላ ላቫጆ ሊከፈት እንደ ሆነ ለዚያ ልጅ የመናገር ግዴታ አለብኝን? የለብኝም ብዬ አስባለሁ፤ እነዚህን እርሱም በዐይኑ አይቶ፥ ጠይቆ ሊያውቃቸው ይችላል። ስንጥቁን ግን ከዐይኑ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሞረዴ የቅን ሠራተኛ ሞረድ ነበር፤ ሆኖም በገዥ ዐይን ፊት የእኔ ሞረድና የዚያ ነጋዴ ቀለም ሥራቸው አንድ ሆነ። የሚለያቸው አፌ ብቻ ነው። ደግሞም ነገሩ የገንዘብ ብቻ አይደለም፤ በዚህ ግፊት የሚወጣ ቀጭን ውሃ ቆዳ ይበሳል፤ ቁስሉም ከላይ ኢምንት መስሎ ወደ ውስጥ ስለሚጎዳ ወደ ሐኪም የሚያስሮጥ ነው። ሦስት ወር የቻለው ብየዳ በዓመቱ ይቻል እንደ ሆነ ማን ዋስ ይሆናል?

ስለዚህ ጣቱን ይዤ ቦታውን አሳየሁት፤ ከ100 ባር እንዳያሳልፈውም ነገርሁት፤ ዋጋውንም በሲሶ ቀነስሁለት። ፓምፑን አየ፤ ቀጥሎም እኔን አየ። «ተሰንጥቆ ከነበረስ ይቅርብኝ፥ ጋሼ» አለና አመስግኖኝ ሄደ። እውነቱን ልናገርና በዚያች ሰዓት ዲዮጋንስን ወደድሁት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በመንገድ ዳር ሲያጥብ አገኘሁትና ጠራኝ። ማሽኑ አዲስ ቀለም የተቀባ ነው። «ልጄ፥ ፈትተህ አይተኸዋልን?» አልሁት።

«ምን አስፈታኝ፥ ጋሼ! ዘይቱን አይተው ይፍረዱ» አለኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ እንደ ማር ጥርት ያለ ነበር።