ሁለቱ ሣጥኖች

ለመሆኑ እውነት የያዘ ሰው፣ ለያዘው እውነት ሲል ሕግ ቢያጣምም ይፈቀድለታልን? ጥያቄው አሮጌ ነው። በባዶው ከመከራከር ግን በአንድ ሰው ሕይወት ላይ አስቀምጦ ማየት ይሻላል። ሰውየው የኢራኑ ጠቅላይ ሚኒስትር ዶክተር ሞሐመድ ሞሳዴቅ ናቸው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሞሳዴቅ ስዊዘርላንድ ድረስ ሄደው በሕግ የዶክትሬት ማዕረግ ያገኙ ሰው ነበሩ። በ1925 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሬዛ ካን ዘውድ ለመጫን ሲነሡ፣ በመጅሊሱ፣ ማለትም በፓርላማው፣ ቆመው «አይሆንም» ካሉት ጥቂቶች አንዱ ሆኑ። ዘውድና የመንግሥት ሥልጣን በአንድ እጅ ከገቡ ሕገ መንግሥቱ ይፈርሳል ሲሉ ተከራከሩ። ተሸነፉ፤ ነገር ግን ተቃውሟቸውን ተናገሩ።

በ1951 መጅሊሱ ነዳጅ ዘይቱን የሀገር ሀብት አደረገ፤ ሞሳዴቅም ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። የዘይቱ ኩባንያ ዋና ባለ አክሲዮን የእንግሊዝ መንግሥት ነበርና እንግሊዝ የኢራንን ዘይት ገበያ አሳጣች፤ ሄግ በሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤትም ከሰሰች። ፍርድ ቤቱ በ1952 ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን የለኝም አለ። ለሞሳዴቅ ሕግ ጋሻ ሆነላቸው።

ይሁንና ካዝናው ደረቀ፤ የትናንት ወዳጆች ከዱ። ሞሳዴቅ በመጀመሪያ ለስድስት ወር፣ ቀጥሎ ለአንድ ዓመት ልዩ ሥልጣን ተቀበሉ። በኦገስት 1953 ደግሞ መጅሊሱን ለመበተን ሕዝቡን ድምፅ አስሰጡ። «ይበተን» የሚለው ሣጥን በአንድ ቦታ፣ «አይበተን» የሚለው በሌላ ቦታ ተቀመጠ። ማን ወዴት እንደሄደ ሁሉም ያያል። ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ በላይ የሆነው ድምፅ «ይበተን» አለ።

ለእርሳቸው የሚከራከር ሰው በቂ ማስረጃ አለው። የመጅሊሱን አባላት ለመግዛት የውጭ ገንዘብ ተመድቦ እንደነበር ኋላ የወጡ ሰነዶች ያሳያሉ። የአሜሪካና የእንግሊዝ የስለላ ድርጅቶች መንግሥታቸውን የመገልበጡን ዕቅድ ከድምፅ አሰጣጡ በፊት አዘጋጅተው ነበር። እንግዲህ በተሸጠ ፓርላማ ፊት እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ መሪ ሕዝቡን አልከዳምን?

ክርክሩ ከባድ ነው፤ ግን አንድ ሰው ይረሳል። ያ ሰው በጠራራ ፀሐይ፣ ጎረቤቱ እያየው፣ ወደ «አይበተን» ሣጥን መሄድ የነበረበት ዜጋ ነው። የተገዛ ላይሆን ይችላል፤ ምናልባት ሕገ መንግሥቱን የሚወድ፣ የ1925ቱን ሞሳዴቅ የሚመስል ሰው ነበር። ሞሳዴቅ በዚያ ዓመት የተጠቀሙበትን «አይሆንም» የማለት መብት፣ በሣጥኖቹ አቀማመጥ ከእርሱ ላይ ወሰዱበት።

ጥፋቱ ለመውደቃቸው ምክንያት ነው አልልም፤ የጣላቸው በኦገስት 19 ቀን የተካሄደው መፈንቅለ መንግሥት ነው። ነገር ግን መጅሊሱ ሲበተን ሻሁ የስንብት ትእዛዝ ለመጻፍ በር አገኙ፤ ከባልደረቦቻቸው አንዳንዶቹም ይህንኑ አስጠንቅቀዋቸው ነበር። ታንክ ያለው ሕግ ቢጥስ ታንኩ ይቀረዋል። ሞሳዴቅ ግን ከሕጉ ሌላ ብዙ መከላከያ አልነበራቸውም።

በወታደራዊ ፍርድ ቤት የሦስት ዓመት እስራት ተፈረደባቸው፤ ከዚያም በ1967 እስኪሞቱ ድረስ አህመዳባድ በሚባለው መንደራቸው በቁም እስር ቆዩ። የተቀበሩትም እዚያው ቤታቸው ውስጥ ነው። ዓላማቸው ትክክል ነበር እላለሁ። ሆኖም የአንድ ዓላማ ትክክለኛነት ደጋፊውን በማብዛቱ አይለካም፤ እምቢ ያለውን ሰው በምን ዓይነት ሣጥን ፊት እንዳቆመው መጠየቅ ያስፈልጋል።