ባልንጀራን ስለ መሰለል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዲላ ዙሪያ ባለው በጌዴኦ ገጠር ቤቶች በእንሰትና በቡና መካከል ይሠራሉ፤ የአንዱም ጓሮ ከሌላው ጓሮ ይያያዛል። ስለዚህ ቡናው በቀላ ወራት በሌሊት የተለቀመበት ሰው ጎረቤቱን ቢጠረጥር፣ በእንሰቱ ጥላ ተሸሽጎ በደጁ ማድባት አይቸግረውም። ይህ ግን ለክርስቲያን ይገባልን?

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ቁጥር 16 እግዚአብሔር ሁለት ነገሮችን በአንድነት ከለከለ፤ ይኸውም በወገን መካከል ነገር እያመላለሱ መዞርንና የባልንጀራ ሕይወት ሲጠፋ ዝም ብሎ መቆምን ነው። የፊተኛውን ብቻ የያዘ ሰው «ምን አገባኝ» እያለ ነፍሰ ገዳይን ይሸሽጋል፤ የኋለኛውን ብቻ የያዘም ጽድቅ የሠራ እየመሰለው ሰላይ ሆኖ ይቀራል።

የሶስናን ታሪክ እናስብ። ሁለቱ ሽማግሌዎች በሕዝብ ላይ የተሾሙ ዳኞች ነበሩ፤ ነገር ግን በአትክልቱ ውስጥ አድብተው ንጽሕቲቱን በሐሰት ከሰሱ። ዳንኤል ግን እውነቱን ያወጣው በጉባኤ ፊት ለያይቶ፣ ከየትኛው ዛፍ በታች እንዳዩአት በመጠየቅ ነው።

በአገራችንም በቀድሞው የአውጫጭኝ ሥርዓት ወንጀል በተሠራ ጊዜ የአገሩ ሰው ተሰብስቦ አድራጊው እስኪታወቅ ይቆይ ነበር። ሸንጎው የሁሉ ነበር፤ በስውር የሚጠቁመው ግን ፊት ለፊት ስለማይጠየቅ ለቂመኛ በር ይከፍት ነበር። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜም የጎረቤት ጥቆማ ስንቱን ያለ ፍርድ ለሞት እንደ ሰጠ ልጆቻቸውን ያጡ እናቶች ያውቁታል።

እንግዲህ ሳይፈልግ ያየ ምስክር ነው፤ ሊያይ የተደበቀ ግን ሰላይ ነው። ከጎረቤት ቤት የሚደበደብ ሕፃን ጩኸት የሰማ፣ ወይም ጠለፋ ሲመከር ያወቀ ሰው፣ ሳይውል ሳያድር ለሕግ ይናገር፤ ዝምታው ከወንጀሉ ጋር ይቈጠርበታልና። ቡናው የተሰረቀበት ግን የራሱን ቡና ይጠብቅ እንጂ የሰውን ደጅ አይጠብቅ። ከጠረጠረም ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 እንዳስተማረን አስቀድሞ ባልንጀራውን ለብቻው ያነጋግረው፤ ባይሰማው አንድ ወይም ሁለት ሰዎች ይዞ ይሂድ፤ ከዚያም ነገሩን በሽማግሌና በዳኛ ፊት በግልጥ ያቅርብ።

እኛ ካህናትም ጠበል ልንረጭ በየቤቱ እንገባለንና በዚያ ያየነውን ወሬ አናድርገው። የተለቀመ ቡና ለከርሞ ያፈራል፤ በሐሰት የጠፋ የባልንጀራ ስም ግን መልሶ አይበቅልም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።