መቃው በማን እጅ ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ዐቢይ ጾም በገባ ቁጥር አባቶቻችን ክርስቶስን እያሰብን እንድንጾም ይመክሩናል። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው ሁለተኛ መልእክቱ፣ የጌታን ክብር የሚመለከቱ ሁሉ እርሱን ወደ መምሰል እየተለወጡ እንደሚሄዱ ያስተምራል። ታዲያ እኛ በየዓመቱ 55 ቀን ጾመን፣ በፋሲካ ዕለት ያው የነበርነው ሰዎች ሆነን የምንገኘው ስለ ምንድን ነው? መመልከት የሚለውጥ ከሆነ፣ እኛ ሳናየው የቀረን ምን ይሆን? ይህንኑ አብረን እንመርምር።

ስለ ማየት ሲነሣ እኛ ጎንደሮች ልናልፈው የማይገባን ታሪክ አለ። ኵርዐተ ርእሱ የምትባለው፣ ጌታችንን የእሾህ አክሊል እንደ ደፋ የምታሳየው ሥዕል፣ በጎንደር ነገሥታት ዘንድ በታላቅ ክብር ትጠበቅ ነበር። ስሟ ከ13ቱ ሕማማተ መስቀል አንዱን፣ ራሱን በመቃ መመታቱን ያመለክታል። ነገሥታቱ ወደ ጦርነት ሲወጡ ይዘዋት ይዘምቱ፣ መኳንንቱም በፊቷ ይምሉ ነበር። በ1736 ዓ.ም. ዳግማዊ ኢያሱ ከስናር ጋር ባደረጉት ጦርነት ድል ሲሆኑ ተማረከች፤ በኋላም በቤዛ ተመለሰች። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ ባለው ሰኞ መቅደላ ላይ ሲሞቱ ግን፣ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ባልደረባ ሪቻርድ ሆልምስ ለራሱ አደረጋት። ከዚያም በሽያጭ ከእጅ ወደ እጅ አልፋ ፖርቱጋል ገባች።

በመወሰዷ እናዝናለን፤ ኀዘናችንም ተገቢ ነው። ነገር ግን በእጃችን ሳለች ምን ተጠቀምንባት ብለን መጠየቅም ይገባናል። በፊቷ ምለው መሐላቸውን ያፈረሱ አልጠፉም። መቅደላ ላይ ከርሳቸው ዘንድ የተገኘችባቸው ንጉሥም በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ከነአብያተ ክርስቲያኗ አቃጥለዋል። ይህን የምንጽፈው በሙታን ላይ ለመፍረድ አይደለም። የተመታውን ክርስቶስ እያዩ ሌላውን መምታት የሚቻል መሆኑን እንድናስተውል ነው እንጂ። እንግዲህ ዐይን ብቻውን አይለውጥም ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን እንመለስ። በአንድ ዓመት በቅድስት ሳምንት፣ ከማኅበራችን አንዱ ረቡዕ ጠዋት ሻይ ቤት ተቀምጦ ዳቦ በሻይ ሲበላ ታየ። ከደባርቅ ወዲያ ካለው ደጋ ለትምህርት የመጣ፣ በኪራይ ቤት ብቻውን የሚኖር ልጅ ነው። ቀጥሎ ያለው እሑድ ምኵራብ ነበር። ጌታ ቤተ መቅደሱን ማጽዳቱ በሚነበብበት ዕለት እኛም የምናጸዳ መሰለን። ስሙን ባንጠራም ማን እንደ ሆነ ሁሉም እስኪያውቅ ድረስ በጉባኤው ፊት ተናገርን። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

በመፃጉዕ እሑድ አልመጣም። መምህራችን ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው አጥቶ 38 ዓመት ስለ ኖረው በሽተኛ ሲያስተምሩ፣ ከመካከላችን አንዲት እኅት፣ «የኛስ ልጅ ማን ጠየቀው?» አለች። የመለሰላት አልነበረም። ብንጠያይቅ፣ ልጁ ለሳንባ ሕመም መድኃኒት እየወሰደ ኖሯል፤ ባዶ ሆዱን መዋጥ ስለማይችል የንስሐ አባቱ ፈቅደውለት ነው የሚበላው።

ወደ ቤቱ ከመሄዳችን በፊት ለመሳለም ወደ ቤተ ክርስቲያን ገባን። በግድግዳው ላይ የኵርዐተ ርእሱ አምሳል አለ፤ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። በዚያን ቀን ግን አንድ ነገር አስተዋልን፤ ጌታን የመታው ሰው በሥዕሉ ላይ የለም። የተሣለው የተመታው ብቻ ነው። በፊቱ የሚቆመውም ተመልካቹ ነው። እኛ ሁልጊዜ ከተመታው ወገን የቆምን ይመስለን ነበር።

ቅዱስ ማቴዎስ ስለ መቃው የጻፈውንም አሰብን። ወታደሮቹ መቃውን አስቀድመው እንደ በትረ መንግሥት በቀኝ እጁ አስያዙት፤ ኋላም ያንኑ መቃ ነጥቀው ራሱን መቱበት። ጾማችንም እንዲሁ ሆኖ አገኘነው። ለእርሱ ክብር ብለን ያቀረብነውን ጾም መልሰን ወስደን ወንድማችንን መታንበት። ለታናናሾቹ የተደረገውን ለእርሱ እንደ ተደረገ የሚቆጥር ጌታ ነውና፣ ያረፈው በማን ራስ ላይ እንደ ሆነ ግልጽ ነው።

አራት ሆነን ሄድን። ይቅርታ ስንጠይቀው የተናገረው ቃል ይህ ብቻ ነበር፦ «ብትጠይቁኝ እኮ እነግራችሁ ነበር።» ከቤቱ የተላከለትን በሶ በጥብጦ አቀረበልን፤ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበርና ከእርሱ ጋር ጠጣን። በሚቀጥለው እሑድ መጣ፤ የተቀመጠው ግን በሩ አጠገብ ነበር። ወደ ቀድሞ ቦታው እስኪመለስ ብዙ ጊዜ ወስዷል። ይቅርታ የሰደብነውን ስድብ እንዳልተሰደበ አያደርገውምና።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ክርስቶስን መመልከት የሚለውጠን፣ ስለ ሕማሙ ስናለቅስ ብቻ ሳይሆን በእጃችን የያዝነውን ስናይ ይመስለናል። ለውጡም በአንድ ጾም የሚፈጸም አይደለም፤ ከእኛም መካከል ዛሬም ሰው ሲበላ አይቶ ሊፈርድ የሚቸኩል አለ። አባቶች «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» እንዳሉት፣ በትር ይዞ መስገድም ራስን ከማጋለጥ በቀር የሚፈይደው የለም። ሰሙነ ሕማማት ደርሶ ለስግደት ግንባራችንን ወደ ምድር ስናደርግ፣ ሁለቱ እጆቻችንም መሬት መንካት አለባቸው። መቃ የያዘ እጅ ግን አይዘረጋም። አስቀድመን እንጣለው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።